በረዶ ሕመምን የሚያስታግሰው መቼ ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። በአንድ የቀዶ ሕክምና ክፍል የሚሠሩ ነርስ ካኑላ (በደም ሥር ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ) ከማስገባታቸው፣ መርፌ ከመውጋታቸውና የደረት ቱቦ ከመውጣቱ በፊት በቦታው ላይ በረዶ ማሳረፍ ጀምረዋል። «አንዳንዱ ታካሚ ምንም አልተሰማኝም ይላል፤ ሌላው ግን ከመርፌው ይልቅ በረዶው አሠቃየኝ ብሎ እጄን ይገፋል። የምንሳሳተው ምኑ ላይ ነው? በረዶ የማይደረግለትስ የትኛው ታካሚ ነው? ለጨቅላ ሕፃናት ይሆናል ወይ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ሲስተር፣ «ትንሽ ነው፣ ቶሎ ያልፋል» ተብሎ የሚታለፈውን ሕመም እንደ ሕመም ቆጥረው ስለ ጠየቁ አመሰግናለሁ። በሰመመን ሕክምና በቆየሁባቸው ዓመታት እንዳየሁት፣ ታካሚዎች ከሆስፒታል ከወጡ ከብዙ ጊዜ በኋላም የሚያነሡት ትልቁን ቀዶ ሕክምና አይደለም፤ እሱንማ ተኝተው አሳልፈውታል። የሚያነሡት ነቅተው ያዩትን ነው፦ ሦስት ጊዜ ተሞክሮ የተሳተውን ካኑላ፣ የተሳበውን ቱቦ፣ ከቆዳ ጋር አብሮ የተላጠውን ፕላስተር።

ስሕተቱ በበረዶው ላይ ሳይሆን በሰዓቱ ላይ ይመስለኛል። ይህን ለማየት አንድ ነገር በራስዎ ላይ እንዲሞክሩ እለምንዎታለሁ። የበረዶ ቁራጮችን በላስቲክ ከረጢት አድርገው፣ በእርጥብ ስስ ጨርቅ ጠቅልለው በክንድዎ ውስጠኛ ገጽ ላይ ያሳርፉና ሰዓትዎን ይመልከቱ። መጀመሪያ ቅዝቃዜ ብቻ ይሰማዎታል። ጥቂት ደቂቃ ሲያልፍ ቅዝቃዜው ወደ ማቃጠል ይለወጣል። ቀጥሎ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ የሚመስል ጥዝጣዜ ይመጣል፤ አብዛኛው ሰው በረዶውን ከላዩ የሚያነሣው እዚህ ላይ ነው። ከታገሡ ግን ጥዝጣዜው ሳያስቡት ይከስማል። ያን ጊዜ ቆዳዎን በብዕር ጫፍ ቢነኩት መነካቱን ያውቃሉ፤ ሹልነቱ ግን ደብዝዞ ነው የሚደርስዎት። ከመጀመሪያው ቅዝቃዜ እስከዚህ መደንዘዝ ለመድረስ እንደ ሰውየውና እንደ ቦታው ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል።

አሁን ያ እጅዎን የገፋውን ታካሚ ያስቡት። በረዶው ተደርጎለት ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ሲሆነው መርፌው ከመጣ፣ የመጣው ማቃጠሉና ጥዝጣዜው በከረረበት ሰዓት ነው። በአንድ ሕመም ፋንታ ሁለት ሕመም ተሰጠው ማለት ነው። «ምንም አልተሰማኝም» ያለው ደግሞ በአጋጣሚ ትንሽ ቆይታችሁ የሠራችሁለት ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት ትሪው እስኪዘጋጅ፣ ምናልባት ሐኪሙ እስኪመጣ። ልዩነቱ በታካሚዎቹ ጽናት ላይ አይደለም። ስለዚህ በረዶ ካደረጉ መደንዘዙን ጠብቀው ይሥሩ፤ ለመጠበቅ ጊዜ ከሌለዎት ደግሞ በረዶውን ይተዉትና ሌላ ዘዴ ይምረጡ። ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ በረዶ ካልተደረገ በረዶ የከፋ ነው።

ሁለተኛው ነገር ታካሚው የሚጠብቀውን ማወቁ ነው። «መጀመሪያ ይቀዘቅዝዎታል፣ ቀጥሎ ያቃጥልዎታል፣ ከዚያ ይጠዘጥዝዎታል፣ በመጨረሻ ይደነዝዛል፤ ሲደነዝዝ ይንገሩኝ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የሚያመጣውን ለውጥ ደጋግሜ አይቻለሁ። ማቃጠሉ ሲመጣ የሚደነግጥ ሰው ጉዳት የደረሰበት ይመስለዋል። ነገሩ በተራው እንደሚመጣ አስቀድሞ የተነገረው ግን ደረጃዎቹን ራሱ ይቆጥራል፤ መጀመሩን የሚፈቅደውም እሱ ይሆናል።

ቅዝቃዜ ይህን የሚያደርገው በምን መንገድ እንደሆነ ማወቁ በየሂደቱ ምን ማድረግ እንዳለብዎት ስለሚወስን ትንሽ ልቆይበት። የቆዳ ሙቀት በተለመደው ሁኔታ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ሙቀቱ ሲቀንስ የሕመም መልእክት የሚሸከሙት ነርቮች ፍጥነታቸው ይቀንሳል፤ ቆዳው ከ15 እስከ 10 ዲግሪ ወዳለው መጠን ሲወርድ ቦታው በግልጽ ይደነዝዛል። ሁለተኛው መንገድ በአከርካሪ ሰረሰር ውስጥ ያለው ነው። ሮናልድ ሜልዛክ እና ፓትሪክ ዎል በ1965 ባቀረቡት የ«በር» ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ከቆዳ የሚመጣ የንክኪ ዓይነት ስሜት በሰረሰር ላይ የሕመሙን መልእክት መግቢያ ሊያጠብበው ይችላል። የተመታ ክንዳችንን ወዲያው የምናሸው ለዚህ ነው። ቅዝቃዜ በቆዳ ላይ የራሱ መቀበያ አለው፤ ይህ መቀበያ በ2002 ተለይቶ የታወቀ ሲሆን ከ26 ዲግሪ በታች ባለ ሙቀት ይነቃል፣ በሜንቶልም ይነቃል። የሙቀትና የንክኪ መቀበያዎችን ያገኙት ዴቪድ ጁሊየስ እና አርደም ፓታፑቲያን በ2021 የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

ሐሳቡ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይቀድማል። የናፖሊዮን ጦር ቀዶ ሐኪም ዶሚኒክ ዣን ላሬ በ1807 በኢላው ጦርነት በከባድ ብርድ ውስጥ እጅና እግር የተቆረጠላቸው ወታደሮች ሕመሙ ቀልሎላቸው እንደነበር ልብ ብሎ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ አርኖት የተፈጨ በረዶና ጨው ቀላቅሎ ቆዳን ለማደንዘዝ ይጠቀም ነበር። እኛ ሰመመን ሰጪዎችም እስከ ዛሬ በረዶ በእጃችን አለ፤ በወገብ የሰጠነው ማደንዘዣ የት ድረስ እንደደረሰ የምንፈትሸው ብዙ ጊዜ በበረዶ ወይም በቀዝቃዛ ርጭት ነው። ቅዝቃዜና ሕመም በሰረሰር ውስጥ በአንድ መንገድ ስለሚጓዙ፣ ታካሚው «ቀዝቃዛነቱ አይታወቀኝም» ካለ መርፌው ሹል መሆኑም እንደማይታወቀው እንገምታለን።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ገደብ አንድ ነው፦ ቅዝቃዜ ከላይ ነው። ቆዳውንና ከሥሩ ያለውን ስስ ክፍል ያደነዝዛል፤ ስብ ሙቀትን ስለሚያግድ ወፈር ባለ ሰው ላይ ወደ ውስጥ መዝለቁ ይዘገያል። ይህን ይዘን ወደ የደረት ቱቦው እንምጣ፤ ከጠየቁኝ ሁሉ ብዙ የሚባልበት እሱ ነው።

ቱቦው ሲወጣ የሚያመው በሁለት ቦታ ነው። አንዱ ቆዳው ላይ ነው፤ ስፌቱ ሲቆረጥ፣ ከቱቦው ጋር የተጣበቀው ቆዳ ሲላቀቅ። ሌላው ከውስጥ ነው፤ ቱቦው የደረትን ውስጠኛ ሽፋን እየፋቀ ሲንሸራተት የሚመጣው ድንገተኛ ስሜት። በረዶ የመጀመሪያውን በደንብ ያስታግሳል፤ ሁለተኛው ዘንድ አይደርስም። ስለዚህ ለብቻው ሳይሆን ከማስታገሻ ጋር ይጠቀሙበት፣ ሁለቱም በአንድ ሰዓት እንዲደርሱ አድርገው። በደም ሥር የሚሰጥ ሞርፊን ሙሉ ኃይሉ ላይ ለመድረስ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። በረዶውም በቱቦው ዙሪያ 20 ደቂቃ ቢቆይ ጥሩ ነው። ታዲያ ሞርፊኑ የታዘዘለት ታካሚ ከሆነ ሁለቱን እኩል ይጀምሯቸው፤ መድኃኒቱ ተሰጥቶ በረዶው ሲያርፍ ሰዓቱን ይጻፉ፣ ሐኪሙን የሚጠሩት ለ20ኛው ደቂቃ ነው። በአፍ የሚወሰድ ማስታገሻ ከሆነ ግን ቀደም ብሎ፣ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀር ይሰጥ። አንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ በረዶው ከተነሣ በኋላ ሐኪሙ ለሌላ ጉዳይ ተጠርቶ ሲሄድ አይቻለሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲመለስ «በረዶ ተደርጎለታል» ተባለና ቱቦው ወጣ። በመዝገቡ ላይ በረዶ ተደርጎለታል፤ ቆዳው ግን ሞቆ ነበር፣ ታካሚው የአልጋውን ብረት ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ነበር። በረዶው ከተነሣ በኋላ የመደንዘዙ ዕድሜ በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው። ሐኪሙ ከዘገየ በረዶውን ያንሡና ቆዳው ከሞቀ በኋላ እንደ አዲስ ይጀምሩ፤ ሲቀጥሉበት አይቆዩ።

ካኑላ ፈጽሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ በረዶ ጠላትዎ ሊሆን ይችላል። ቅዝቃዜ የደም ሥሮችን ያጠባል። ለ10 ደቂቃ በረዶ የተቀመጠበት የእጅ ጀርባ ላይ ያየነው ሥር ይሰወራል፤ ታካሚው የዳነው ከአንድ ውጊያ ሕመም ሲሆን የሚከፍለው ግን በሦስት ውጊያ ነው። ሥሩ ለማይገኝለት ሰው የሚያስፈልገው እንዲያውም ሙቀት ነው፤ ክንዱን በሞቀ ጨርቅ መጠቅለል ሥሩን ያወጣዋል። ለካኑላ ከቅዝቃዜ ወገን የሚሆነው የሚረጨው ነው፤ ኢቲል ክሎራይድን የመሰለ። ይህ ፈሳሽ በ12 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚፈላ ቆዳ ላይ እንዳረፈ ይተንና ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ሥራውን በሰከንዶች ይጨርሳል፤ የሚደርሰውም ቆዳው ላይ ብቻ ስለሆነ ሥሩን ለማጥበብ ጊዜ አያገኝም። ነገር ግን ዕድሜው ከአንድ ደቂቃ አይዘልም። ቅደም ተከተሉ ሁሉን ይወስናል፦ ክንዱን አስረው ሥሩን ይምረጡ፣ በፀረ ጀርም ያጽዱ፣ እስኪደርቅ ይጠብቁ፣ ካኑላውን ከፍተው በእጅዎ ይያዙ፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚረጨው። ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ርቀው፣ ቆዳው ነጣ ማለት እስኪጀምር ድረስ፣ ይህም ከ10 ሰከንድ በታች ነው፤ ነጣ ካለ ወዲያው ያቁሙና ያስገቡ። ከረጩ በኋላ ካኑላ መፈለግ ከጀመሩ ረፍዶብዎታል። ይህ ፈሳሽ በቀላሉ የሚቀጣጠል መሆኑንም አይርሱ፤ በኤሌክትሪክ የሚያቃጥል መሣሪያ ባለበት ክፍል አይረጭም፣ ወደ ዓይንና ወደ ክፍት ቁስልም አይረጭም። አንድ ሰዓት ጊዜ ካለዎት ደግሞ የማደንዘዣ ቅባት ከርጭቱ የተሻለ ጥልቀት አለው፤ ችግሩ ያን ሰዓት የሚሰጥ ክፍል ብዙ አለመሆኑ ነው።

በጡንቻ ለሚሰጥ መርፌ በረዶ ይረዳል፤ ለልጆችም ለአዋቂዎችም በተለይ ቅዝቃዜና ንዝረት አንድ ላይ ሲሆኑ። ንዝረት የሚሰጡ ትንንሽ መሣሪያዎች የክንፍ ቅርጽ ካለው በረዶ ጋር ተሠርተው አሉ። አቀማመጣቸው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ መሣሪያው መርፌው ከሚገባበት ቦታ በላይ፣ በመርፌውና በጭንቅላት መካከል ይቀመጣል እንጂ በታች አይደለም። መልእክቱ ወደ ላይ ስለሚጓዝ ሊቀደም የሚችለው በመንገዱ ላይ ነው። ከመርፌው በፊት ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ይቀመጥና መርፌው እስኪወጣ እዚያው ይቆይ። እዚህ ላይ ሙሉ መደንዘዝ አንጠብቅም፤ የምንሠራው በዋናነት በ«በሩ» መንገድ ስለሆነ አጭር ጊዜ ይበቃል።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር፦ ቆዳውን ያቀዝቅዙ እንጂ ማደንዘዣውን አያቀዝቅዙ። ሊዶካይንን ከማቀዝቀዣ አውጥቶ በዚያው ቅዝቃዜው መውጋት ሲገባ የሚሰማውን ማቃጠል ይጨምረዋል። ከተቻለ ወደ ሰውነት ሙቀት የተጠጋ ይሁን፣ ቀስ ተብሎም ይሰጥ። ስለ ክትባት እየተናገርሁ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ፤ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው የቅዝቃዜ ሰንሰለቱ ይጠበቃል እንጂ ሕመም ይቀንሳል ተብሎ አይሞቅም።

በረዶ ሆኖ የመጣ ሁሉ እኩል እንዳልሆነም ማወቅ አለብዎት። እየቀለጠ ያለ በረዶ 0 ዲግሪ ላይ ይቆያል፤ እስኪቀልጥ ድረስ ብዙ ሙቀት ከቆዳው ይወስዳል፣ ከ0 በታች ግን አይወርድም። ከማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል በቀጥታ የወጣ የጄል ከረጢት ግን 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። በደረቀ ቆዳ ላይ ያለ ጨርቅ ቢያርፍ ያቃጥላል፤ ቃጠሎው ደግሞ በሙቀት እንደሚደርሰው ሁሉ ውሃ ይቋጥራል። ይህን በአንድ ታካሚ ጉልበት ላይ አይቻለሁ፦ መርፌው ያላደረሰውን ጉዳት ማስታገሻው አድርሶት ነበር፤ ታካሚው የደነዘዘ ቆዳ ስለነበረው አልጮኸም። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው ውሃ መሆን የጀመረውን በረዶ ነው፤ በእርጥብ ስስ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በየአምስት ደቂቃው ጨርቁ ተነሥቶ ቆዳው እየታየ፣ ከ20 ደቂቃ ሳይበልጥ። ቀይ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። ነጭ፣ ግራጫ ወይም ደረቅ ሰም የመሰለ ከሆነ ወዲያው ይነሣል። ሲጨርሱም በቅድሚያ ቆዳው ይድረቅ፣ ከዚያ በፀረ ጀርም ይጽዳ፣ እሱም ይድረቅ፤ ከቀለጠ በረዶ የቀረ ውሃ ያለበትን ቆዳ መውጋት የለብንም።

የማይደረግላቸውን በተመለከተ፣ ረጅም ዝርዝር በግድግዳ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ሁለት ጥያቄ በአፍዎ ቢለምድ ይሻላል። የመጀመሪያው፦ «ቀዝቃዛ ነገር ሲነኩ ጣቶችዎ ይነጣሉ ወይም ሰማያዊ ይሆናሉ፣ ወይም ሰውነትዎ ሽፍ ይላል፣ ያብጣል?» የሚል ነው። አዎ ካለ የሬይኖ ሕመም፣ የቅዝቃዜ አለርጂ ወይም በቅዝቃዜ የሚረጋ የደም ፕሮቲን ሊኖርበት ስለሚችል በረዶው ይቅር። ሁለተኛው፦ «ሲክል ሴል የሚባል የደም ሕመም አለብዎት?» ነው፤ ቅዝቃዜ የዚህን ሕመም ቀውስ ሊቀሰቅስ ይችላል። ከጥያቄ በኋላ ዓይንና እጅ ይቀጥላሉ፦ የደም ዝውውሩ የደከመ እግር፣ በስኳር ሕመም ስሜቱን ያጣ ቆዳ፣ አዲስ የተተከለ ቆዳ፣ ክፍት ቁስል። እንዲሁም «በቃ፣ ይብቃኝ» ሊል የማይችል ሰው፤ ሰመመን ውስጥ ያለ፣ የተምታታበት ወይም በነርቭ ማደንዘዣ ክንዱ የደነዘዘ። ቅዝቃዜ ከልክ ማለፉን የሚነግረን የታካሚው ቃል ነውና ቃሉ ከሌለ ጠባቂያችን የለም።

እግረ መንገዴን የካንሰር ክፍልን ልጥቀስ፤ ባልደረቦችዎ እዚያ ካሉ ይጠቅማቸዋል። ፍሎሮዩራሲል የተባለው የካንሰር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሲሰጥ፣ መድኃኒቱ ከመጀመሩ 5 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ለ30 ደቂቃ ያህል በረዶ በአፍ መያዝ የአፍ ቁስልን እንደሚቀንስ የታወቀና የሚመከር ነው፤ የአፍ ደም ሥሮች ሲጠቡ መድኃኒቱ ወደ አፍ ሽፋን በብዛት አይደርስም፣ መድኃኒቱም ከደም ቶሎ ይጠፋል። ነገር ግን ያው ታካሚ በዚያው ቀን ኦክሳሊፕላቲን የተባለውን ሌላ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ በረዶው ይከለከላል። ይህ መድኃኒት ነርቮችን ለቅዝቃዜ ስሱ ስለሚያደርግ በጉሮሮ ላይ የመታነቅ የመሰለ አስፈሪ ስሜት ያመጣል። ሁለቱ መድኃኒቶች ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚታዘዙ፣ በረዶ ከመስጠት በፊት የሕክምና መርሐ ግብሩ በሙሉ ይነበብ፤ የአንዱን መድኃኒት ስም አይቶ መሄድ አይበቃም።

ስለ ጨቅላ ሕፃናት የጠየቁት ላይ መልሴ አይሆንም ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን የሰውነቱን ሙቀት መጠበቅ ገና አይችልም፣ ቆዳው ስስ ነው፣ ጥዝጣዜውን ከመርፌው ለይቶ ሊነግረን አይችልም። ከተረከዙ ደም ለመውሰድም ቅዝቃዜ ደሙን ያሸሻል፤ ተረከዙ ሞቅ ብሎ ነው የሚወጋው። ለእሱ ያለን ማስታገሻ ከበረዶው የበለጠ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ስለ ክትባት ሕመም ባወጣው ምክር ሕፃኑ መርፌው ሲሰጠው እናቱ እንድታጠባው፣ ካልሆነም በእቅፍ እንዲያዝ ይመክራል። ከመርፌው ጥቂት ደቂቃ በፊት ጡቱን ይያዝ፣ መጥባቱ ሲጸና ተጠብቆ ይሰጥ፣ መርፌው ከወጣ በኋላም ሳይነጠል ይቆይ። እናትየው ከሌለች የሚይዘው ሰው ልብሱን ፈታ አድርጎ ሕፃኑን በደረቱ ላይ ያስተኛው፤ እርስዎ ወንበሩን ዝቅ አድርገው፣ ከጎን ሆነው፣ በሕፃኑ ተረከዝ ከፍታ ላይ ይሥሩ።